ወረፋ ላይ የቆመች ተጫዋች
የሴቶች ላክሮስ ልምምድ እና የደቂቃዎች ክፍፍል ጥያቄ

በማርች ወር፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ በሜሪላንድ ወይም በሰሜን ቨርጂኒያ ካሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሜዳ አጠገብ ቆሞ ለሚመለከት ሰው የሚታየው ትዕይንት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሃያ ያህል ልጃገረዶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተሰልፈዋል። ከአንዱ ረድፍ ፊት ያለችው ኳሱን ይዛ ትሮጣለች፤ ከወዲያኛው ረድፍ ለምትመጣው ትወረውርና ሄዳ ከረድፉ ጀርባ ትቆማለች። የቀሩት አሥራ ስምንቱ ዱላቸውን ተደግፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አሰልጣኟ ታበረታታለች፣ ኳሱ ይመላለሳል፣ ሜዳውም ትጋት የሰፈነበት ይመስላል።

እርሳስ ይዞ የሚቆጥር ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ኳሱ በየ4 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ይወረወራል ቢባል፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ 150 ውርወራ ይኖራል፤ ይህ ለ20 ተጫዋቾች ሲካፈል ለእያንዳንዷ የሚደርሳት 7 ወይም 8 ብቻ ነው። እነዚያው ተጫዋቾች ጥንድ ጥንድ ሆነው በ10 ኳስ ቢለማመዱ፣ በዚያው ፍጥነትና በዚያው ጊዜ እያንዳንዷ 75 ጊዜ ትወረውራለች፤ 75 ጊዜም ትቀልባለች። ብቻዋን ከግድግዳ ፊት ቆማ በየ3 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ብትወረውር ደግሞ ቁጥሩ 200 ይደርሳል። ሜዳው ያው ነው፤ ደቂቃውም ያው ነው፤ የተለወጠው ጊዜው የተደለደለበት መንገድ ነው።

የልምምድ ዕቅድ ብዙውን ጊዜ የአሰልጣኝ የግል ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። በተግባር ግን ውስን የሆነ ሀብት፣ ማለትም ኳስን የመንካት ዕድል፣ ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ የሚወስን ሰነድ ነው። ወረፋ የበዛበት ልምምድ ሁሉንም እኩል የሚጎዳ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን እኩል አይደለም። ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ውጭ ሌላ የመለማመጃ ዕድል ያላት ልጅ ወረፋው ያሳጣትን በሌላ ቦታ ታካክሳለች። ያ ዕድል የሌላት ልጅ ያላት የትምህርት ቤቱ 90 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በሴቶች ላክሮስ ወረፋን ከልምምድ ማስወገድ የስልት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሐዊነት ጉዳይም ነው።

ጨዋታው የሚጠይቀው እጅ

ላክሮስ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ሆደናሾኒን ከመሳሰሉት፣ የተወረሰ ጥንታዊ ጨዋታ ነው። የሴቶቹ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1890 በስኮትላንድ በሴንት ሊዮናርድስ ትምህርት ቤት ተጀመረ፤ የቀድሞዋ ርእሰ መምህርት ሉዊዛ ለምስደን ጨዋታውን ቀደም ሲል በካናዳ ተመልክተውት ነበር። ወደ አሜሪካ ገብቶ ሥር የሰደደው እ.ኤ.አ. በ1926 ሮዛቤል ሲንክሌር በባልቲሞር ብሪን ማውር ትምህርት ቤት ቡድን ባቋቋሙ ጊዜ ነው። የሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2004 ላክሮስን ይፋዊ የቡድን ስፖርቷ አድርጋለች። እንዲህ ሲታይ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ የሰፈሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሚኖሩት በዚህ ጨዋታ እምብርት አካባቢ ነው።

ዱላና ኳስ ያለው በመሆኑ ጨዋታው በመጀመሪያ እይታ የገና ጨዋታን ያስታውስ ይሆናል። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። በገና ጨዋታ ኳሷ በመሬት ላይ ትመታለች፤ በላክሮስ ኳሱ በዱላው ጫፍ ባለ መረብ ተይዞ ይሮጥበታል፣ በአየርም ይወረወራል። የሴቶቹ ሕግ ደግሞ በዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ይጨምራል። አንደኛው፣ መረቡ ጥልቀት እንዳይኖረው ያዝዛል፤ ኳሱ በመረቡ ሲያርፍ ጫፉ ከዱላው ጠርዝ በላይ መታየት አለበት። ሁለተኛው፣ በአካል መግፋትንና መጋጨትን ይከለክላል። የወንዶቹ ጥልቅ መረብ ኳሱን በራሱ ሲይዝ፣ የሴቶቹ መረብ ግን በተጫዋቿ እጅ ላይ ይተማመናል። ኳሱ እንዳይወድቅ የሚያደርገው ክሬድል የሚባለው ስልት ነው፤ ይኸውም ሕፃንን እንደሚያባብል ሰው ዱላውን በእጅ አንጓ ያለማቋረጥ ማወዛወዝ ማለት ነው።

ይህ የሕግ ዝርዝር የሚያስከትለው ውጤት ቀላል አይደለም። በእግር ኳስ ወይም በሩጫ የዳበረ እግር ያላት፣ አእምሮዋም ፈጣን የሆነ ልጅ በ15 ዓመቷ ላክሮስ ብትጀምር፣ ከእርሷ ቀርፋፋ ሆና በ8 ዓመቷ ከጀመረችው ጋር ስትሰለፍ ኳሱ ከመረቧ ይወድቃል። የጎደላት ተሰጥኦ አይደለም፤ እጇ ያላለፈበት ብዙ ሺህ ድግግሞሽ ነው። ድግግሞሽ ደግሞ በማብራሪያም ሆነ በማበረታቻ አይተካም። የሚሰጠው ኳሱን በመንካት ብቻ ነው።

ለወረፋው የሚከፍለው ማን ነው

በአሜሪካ የወጣቶች ላክሮስ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የትምህርት ቤት ቡድን ነው። ሌላው በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሊያስወጣ የሚችል የግል ክለብ ነው፤ የውድድር ጉዞ፣ የበጋ ካምፕና የግል አሰልጣኝ ይጨመሩበታል። የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች ተጫዋች የሚመለምሉት በአብዛኛው በክለቦቹ የበጋ ውድድሮች ላይ ነው። ሁለቱንም መንገድ የያዘች ተጫዋች በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ብትቆም ብዙም አይጎድልባትም፤ እንዲያውም ዕረፍት ልትቆጥረው ትችላለች። አዲስ ገቢዋ ግን በየሳምንቱ ከጓደኛዋ ጋር ያላት ርቀት እየሰፋ ይሄዳል። በወቅቱ መጨረሻ አሰልጣኟ ርቀቱን አይታ “ይህቺ ቢዘልቅላት ኖሮ” ብትል አያስገርምም፤ ርቀቱን ያሰፋው የራሷ የልምምድ ዕቅድ መሆኑ ግን አይታያትም።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የተባለው የፌዴራል ሕግ ለሴቶች ስፖርት በር መክፈቱ የታወቀ ነው። በሕጉ አፈጻጸም ስንት ሴቶች በቡድን እንደታቀፉ ይቆጠራል፤ የመሣሪያ፣ የሜዳ፣ የአሰልጣኝና የልምምድ ሰዓት አመዳደብ ከወንዶቹ ጋር ይነጻጸራል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ሆኖም የተመደበው ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ የለም። ማሊያ የለበሰች ተጫዋች በመዝገብ ላይ እንደ ተሳታፊ ትቆጠራለች፤ ከ90 ደቂቃው 60ውን ቆማ ብታሳልፍም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ጥቅም በልኩ መገለጽ ይኖርበታል። ለብዙ ዓመታት፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ፣ በከፍተኛው የዩኒቨርሲቲ ውድድር እርከን አንድ የሴቶች ላክሮስ ቡድን ሊሰጥ የሚችለው የነጻ ትምህርት ዕድል 12 ሙሉ ድርሻ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለብዙ ተጫዋቾች ተሸንሽኖ ይሰጥ ነበር። የሦስተኛው እርከን ኮሌጆችና የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርት ስም ነጻ ትምህርት አይሰጡም። ላክሮስ የኮሌጅ ክፍያን ያስቀራል ብሎ ልጁን የሚያስገባ ቤተሰብ ሊያዝን ይችላል። ይሁንና አሰልጣኝ የምትፈልጋት አመልካች የመግቢያ ዕድሏ ሊሰፋ ይችላል፤ ከዚያም በላይ የቡድን አባልነት፣ ጓደኝነትና የሰውነት ጥንካሬ በራሳቸው ዋጋ አላቸው። እነዚህ ጥቅሞች ሁሉ በአንድ በር ያልፋሉ፦ ልጅቷ በቡድኑ ውስጥ ለመቆየት የሚያስችል ክህሎት ማግኘቷ።

ዘግይታ የጀመረች ልጅ መድረስ ትችላለችን? የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከፊል መልስ ይሰጣል። ከምሥራቁ ጠረፍ ርቆ በኢሊኖይ የሚገኘው ይህ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ላክሮስን ወደ ሙሉ ቡድንነት የመለሰው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አሰልጣኟ ኬሊ አሞንቴ ሂለር በግቢው ውስጥ ሲሮጡ ያየቻቸውን፣ ላክሮስ ተጫውተው የማያውቁ መንትያ እህትማማቾች ወደ ቡድኑ ጋበዘች። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ሳይሸነፍ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ፤ መንትዮቹም ከዋነኞቹ ተጫዋቾች መካከል ነበሩ። ይህ ምሳሌ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይቻልም፤ እነርሱ ልዩ አትሌቶች ነበሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ያለው ጊዜና ባለሙያም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይገኝም። የሚያስረዳው ግን የዘገየ እጅ በበቂ ድግግሞሽ ሊደርስ እንደሚችል ነው።

ግድግዳው እና ገደቡ

የላክሮስ ተጫዋቾች በሙሉ የሚያውቁት ርካሹ ልምምድ የግድግዳ ልምምድ ነው። ተጫዋቿ ከ3 እስከ 5 ሜትር ርቃ ትቆማለች፣ ኳሱን ትወረውራለች፣ ሲመለስ ትቀልባለች። መጀመሪያ በጠንካራ እጇ፣ ከዚያ በደካማዋ፤ ቀጥሎ በአንዱ ቀልባ በሌላው ትወረውራለች፤ በመጨረሻም ኳሱን ሳታሳርፍ ወዲያው ትመልሳለች። ጥሩ ልማድ የሚባለው ዱላው ከጆሮ አጠገብ ከፍ ብሎ መያዙ፣ የላይኛው እጅ ከመረቡ ሥር ተጣብቆ አለመቅረቱ፣ ስትቀልብም ዱላው እንቁላል እንደሚቀበል እጅ ወደ ኋላ መለስ ማለቱ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ሺአ እና ሮቢን ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ የእጅ እንቅስቃሴዎችን አንድ በአንድ በተርታ የተለማመዱ ሰዎች በልምምዱ ወቅት የተሻሉ መስለው ታዩ። በኋላ ሲፈተኑ ግን እያፈራረቁ የተለማመዱት በልጠው ተገኙ። ለላክሮስ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፦ 50 ጊዜ በቀኝ ብቻ ከመወርወር ቀኝና ግራን፣ ከፍታና ርቀትን ማፈራረቅ ይሻላል፤ በዕለቱ ኳሱ ደጋግሞ ቢወድቅም።

ግድግዳን በተመለከተ አሰልጣኞች በብዛት የሚሉት “ቤታችሁ ሄዳችሁ ተለማመዱ” ነው። ምክሩ በቅን ልቦና የሚሰጥ ነው፤ ሆኖም ወረፋው የፈጠረውን ጉድለት ከትምህርት ቤቱ አንሥቶ በልጅቷ ቤት ላይ ይጭነዋል። ጓሮ ያለው ቤት፣ የራስ ዱላና ነጻ ምሽት ላላት ልጅ ምክሩ ቀላል ነው። ወላጆቿ የማታ ፈረቃ ለሚሠሩ፣ ታናናሾቿን ለምትጠብቅ፣ በአፓርታማ ለምትኖር ልጅ ግን የጎረቤት ግድግዳ የጎረቤት ነው፤ ኳስ ሲያርፍበትም ቅሬታ ያመጣል። ስለዚህ ግድግዳው የቤት ሥራ መሆኑ ቀርቶ የልምምዱ አካል መሆን አለበት። አብዛኛው ትምህርት ቤት የጂምናዚየም የውጭ ግድግዳ አለው። በ90 ደቂቃ ውስጥ 15 ደቂቃ ለግድግዳና ለጥንድ ውርወራ ቢመደብ፣ ማንኛዋም ልጅ የቤቷ ሁኔታ ምንም ይሁን ምን በሳምንት ከአንድ ሺህ በላይ ንክኪ ይዛ ትሄዳለች።

ከግድግዳው ባሻገር

ግድግዳ ግን አይከላከልም፣ አይሮጥም፣ አያታልልም። ስለዚህ ቀሪው ጊዜ ጨዋታውን ወደሚመስሉ ልምምዶች መሄድ አለበት፤ ያም ቢሆን ያለ ወረፋ።

የመጀመሪያው የመሬት ኳስ ነው። በጀማሪዎች ጨዋታ ኳሱ ከአየር ይልቅ በመሬት ላይ ይውላል፤ ስለዚህ ከመሬት ማንሣት የሚችል ቡድን ጨዋታውን ይይዛል። ትክክለኛው አነሣስ ጉልበትን አጥፎ፣ የታችኛውን እጅ ወደ መሬት አውርዶ፣ እግርን ከኳሱ ጎን አድርሶ፣ ሳይቆሙ እየሮጡ ማንሣት ነው። አንድ አሰልጣኝ ኳስ ጥሎ ሃያ ልጆች ተራ ከሚጠብቁ፣ በሦስት በሦስት ተከፍለው ሁለቱ ሲሽቀዳደሙ ሦስተኛዋ ብታንከባልል በአንድ ጊዜ ስድስት ወይም ሰባት ፉክክር ይካሄዳል።

ሁለተኛው ድሮው ነው። በጨዋታው መጀመሪያና ከእያንዳንዱ ግብ በኋላ ሁለት ተጫዋቾች በመሀል ሜዳ ኳሱን በዱላዎቻቸው ጀርባ መካከል ይዘው ወደ ላይ ያስፈነጥሩታል። ድሮውን የሚያሸንፍ ቡድን ግብ ካገባ በኋላም ኳሱን መልሶ ሊያገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ጥቂት ልጆች ብቻ የሚያውቁት ምስጢር ሆኖ መቅረት የለበትም። በሦስት ሆነው ሁለቱ ሲያስፈነጥሩ ሦስተኛዋ ከክቡ ጠርዝ ተነሥታ ኳሱን ብትሻማ፣ ቦታም ቢቀያየሩ፣ ሁሉም ይማሩታል።

ሦስተኛው መከላከል ነው። በአካል መጋጨት በተከለከለበት ጨዋታ የተከላካይ መሣሪያ እግር ነው፦ ወደ አጥቂዋ ሮጦ መቅረብ፣ በአጫጭር እርምጃ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያም ወደ ደካማ እጇ እንድትዞር ማስገደድ። ይህ ያለ ዱላ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ በጠባብ መስመር ውስጥ ይለመዳል። ተጨማሪ ጥቅምም አለው። ሴት አትሌቶች በእግር ኳስና በቅርጫት ኳስ ከወንዶች ይልቅ ለጉልበት ጅማት መበጠስ የተጋለጡ መሆናቸው በሚገባ የተመዘገበ ነው፤ በትክክል መቆምን፣ መዞርንና ዘልሎ ማረፍን የሚያስተምር የ10 ደቂቃ ማሟሟቂያ አደጋውን ይቀንሳል። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ሮጦ መምጣት የዚህ ምትክ አይሆንም።

አራተኛው ጥቂት ለጥቂት የሚደረግ ጨዋታ ነው፤ ሦስት አጥቂ በሁለት ተከላካይ ላይ፣ ወይም አራት በአራት በጠባብ ሜዳ። እዚህ ላይ እጅ ብቻ ሳይሆን ዓይንም ይሠለጥናል፤ መቼ ማቀበል፣ መቼ ወደ ግብ መወርወር እንደሚገባ የሚማሩት ጫና ሲኖር ነው። የዓለም አቀፉ ጨዋታም ወደዚሁ እያዘነበለ ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ላክሮስን ለሎስ አንጀለስ 2028 ሲያጸድቅ የመረጠው ሲክስስ የተባለውን ዓይነት ነው፦ በእያንዳንዱ ወገን 6 ተጫዋች፣ 70 በ36 ሜትር ሜዳ፣ ለአንድ ጥቃት 30 ሰከንድ። በዚህ ጨዋታ ሁሉም ያጠቃሉ፣ ሁሉም ይከላከላሉ፤ ከግብ በኋላም ግብ ጠባቂዋ ኳሱን ወዲያው ታስጀምራለች። ተራ መጠበቅን የለመደች ተጫዋች እዚህ ቦታ የላትም።

ተቃውሞዎቹ

ለሰልፍ የሚቀርበው መከራከሪያ ባዶ አይደለም። አንዲት አሰልጣኝ 25 ጀማሪዎችን ብቻዋን ስትይዝ፣ ሰልፍ ሥርዓት ይሰጣታል፤ እያንዳንዷን አንድ በአንድ አይታ ማረም ትችላለች። ጠንካራ የጎማ ኳሶች በየአቅጣጫው ሲበሩም አደጋ አለ። ይህ እውነት ነው። መልሱ ግን ሥርዓትን መተው ሳይሆን ሥርዓትን ወደ ሌላ ቅርጽ መለወጥ ነው። ሁሉም ጥንዶች በአንድ አቅጣጫ በትይዩ ቆመው ቢወረውሩ፣ መነጽራቸውን ባያወልቁ፣ ጀማሪዎቹም ለስላሳ ኳስ ቢጠቀሙ ሜዳው ደኅንነቱ የተጠበቀ ይሆናል። አሰልጣኟም በሰልፍ ፊት ከመቆም በጥንዶች መካከል እየተዘዋወረች ማረም ትችላለች።

ሌላው ተቃውሞ ከበረታው ወገን ይመጣል፦ ከጀማሪ ጋር ጥንድ የሆነች ጎበዝ ተጫዋች ጊዜዋን ታባክናለች የሚል ነው። ቅሬታው በከፊል ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ጥንዶች በየ5 ደቂቃው መቀያየር አለባቸው፣ ጎበዞቹም እርስ በርስ የሚፈታተኑበት ጊዜ ሊኖር ይገባል። ይሁንና 12 ተጫዋች በሚሰለፍበት ጨዋታ ከሦስት ኮከቦች ጋር ዘጠኝ የማይቀልቡ ተጫዋቾች ያሉት ቡድን ሩቅ አይሄድም። የመጨረሻዋን ተጫዋች ማሳደግ ለቡድኑ ውጤትም ይጠቅማል።

ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ መቁጠር

መፍትሔው አዲስ በጀት አይጠይቅም። የ90 ደቂቃ ልምምድ እንዲህ ሊደለደል ይችላል፦ 10 ደቂቃ ለማሟሟቂያና ለእግር አሠራር፣ 15 ለግድግዳና ለጥንድ ውርወራ፣ 15 ለመሬት ኳስ፣ 15 ለድሮውና ከ8 ሜትር ቅስት ወደ ግብ ለመወርወር በየምድቡ፣ 25 ጥቂት ለጥቂት ለሚደረግ ጨዋታ፣ የቀረው 10 ለማብራሪያና ለውኃ። የሚያስፈልገው ለየጥንዱ አንድ ኳስ፣ ጥቂት ተንቀሳቃሽ ምልክቶች እና አንድ ግድግዳ ነው። አዲስ ገቢዎች ለወቅቱ የሚዋሱት ዱላ በትምህርት ቤቱ ቢኖር ደግሞ አንዱ የቤተሰብ ወጪ ይቀራል።

ጉዳዩን የሚያንቀሳቅሰው የወላጅ ጥያቄ ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ወላጆች ላክሮስን ስለማያውቁት በአጥሩ በኩል ቆመው ዝም ይላሉ፤ ሕጉን የማያውቅ ሰው አስተያየት መስጠት ድፍረት ይመስላቸዋል። ለመቁጠር ግን ሕጉን ማወቅ አያስፈልግም። አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ለ10 ደቂቃ ያህል ልጃቸው ኳሱን ስንት ጊዜ እንደነካች ቢመዘግቡ፣ ለአሰልጣኟ በአክብሮት ሊያሳዩት የሚችሉት ማስረጃ በእጃቸው ይገባል። በትምህርት ቤት ቦርድና በወላጆች ማኅበር የሚቀመጡ ባለሙያዎችም ስለ ሜዳና ስለ ማሊያ ወጪ በሚጠይቁበት ስብሰባ ላይ፣ የተመደበው ሰዓት ለእያንዳንዷ ልጅ ስንት ንክኪ እንደሚሰጥ መጠየቅ ይችላሉ። ቁጥሩ 8 ከሆነ፣ የሚቀየረው ነገር ከሚቀጥለው ቀን ልምምድ ሊጀምር ይችላል።